የጀልባ ባትሪ ለምን ቶሎ ይሞታል? ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የምንመልሳቸው ጥያቄዎች ሁሉ ስለ ባለ 12 ቮልት የትንሽ መዝናኛ ጀልባ ባትሪ ናቸው። ደርድሮ ላያቸው ሰው ጥፋቱ በአብዛኛው ከሁለት አይዘልም፤ ወይ ባትሪው ለማይችለው ሥራ ተገዝቷል፣ ወይ ሳይሞላ ተቀምጧል።

ጥያቄ፦ ለጀልባዬ የመኪና ባትሪ ገዛሁ። ሞተሩን ደህና አድርጎ ያስነሳል። ቆመን ዓሣ ስናጠምድ ግን የዓሣ መፈለጊያው፣ መብራቱና ሬዲዮው ጥቂት ሰዓት እንደሠሩ ይወርዳል። በአንድ ዓመት ሁለት ባትሪ ጨረስኩ።

መልስ፦ ያለ ሥራው ስላስገቡት ነው። የማስነሻ ባትሪ ውስጥ ያሉት የእርሳስ ፕሌቶች ስስና ብዙ ናቸው። እንዲህ የተሠሩት ሞተሪኖው ለጥቂት ሰከንድ የሚጠይቀውን ከፍተኛ አምፔር ባንዴ እንዲሰጡ ነው፤ የሰጡትን ዲናሞው ወዲያው ይመልስላቸዋል። ይህን ባትሪ እስከ ግማሽና ከዚያ በታች ደጋግመው ሲያወርዱት ፕሌቱ ላይ የተለሰነው የእርሳስ ሊጥ እየተፈረፈረ ወደ ታች ይረግፋል። የረገፈውን የሚመልስ ቻርጀር የለም። ቆሞ ለሚሠራ ዕቃ የሚሆነው ፕሌቱ ወፍራም የሆነ የዲፕ ሳይክል (በጥልቀት ወርዶ ደጋግሞ እንዲሞላ የተሠራ) ባትሪ ነው። ለሁለቱም ተብሎ የሚሸጥ ድብልቅ ዓይነትም አለ፤ ቦታው ከአንድ ባትሪ በላይ ለማይችል ጀልባ ይሁን እንጂ ሁለት ማስቀመጥ ለሚችል አንመክርም።

መጠኑን በግምት አይግዙ፤ እያንዳንዱ ዕቃ የሚወስደውን አምፔር በሚሠራበት ሰዓት ያባዙ። የዓሣ መፈለጊያ 1 አምፔር ለ8 ሰዓት 8 አምፔር-ሰዓት ይሆናል። የኤልኢዲ መብራቶች 1 አምፔር ለ3 ሰዓት 3። ሬዲዮ በማዳመጥ ግማሽ አምፔር ለ8 ሰዓት 4፣ በመናገር ደግሞ ወደ 6 አምፔር ለሩብ ሰዓት 1.5። የውሃ ማውጫ ፓምፕ 4 አምፔር ለግማሽ ሰዓት 2። ስልክ መሙያ 2 አምፔር ለ3 ሰዓት 6። ድምሩ 24.5 ነው፤ 25 ይበሉት። የእርሳስ ባትሪ ከግማሽ በታች ባይወርድ ስለሚመረጥ እጥፍ ያድርጉትና 50 ይሆናል። ባትሪ ሲያረጅ አቅሙ ስለሚቀንስ አንድ አምስተኛ ጨምረው 60 አምፔር-ሰዓት ይግዙ።

የማስነሻውን ሲገዙ ደግሞ ጽሑፉን በደንብ ያንብቡ። አንዱ የማስነሻ አምፔር (CCA) የሚለካው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ሲሆን፣ ለጀልባ የሚጻፈው (MCA) ግን 0 ዲግሪ ላይ ነው። ስለዚህ ያው አንድ ባትሪ በሁለተኛው መለኪያ ትልቅ ቁጥር ያሳያል። የሞተሩ መመሪያ የጠየቀው በየትኛው እንደሆነ ሳያዩ ሁለት ባትሪ አያወዳድሩ።

ጥያቄ፦ ትንሿ የኤሌክትሪክ ሞተሬ 55 ፓውንድ ግፊት አላት። ባለ 100 አምፔር-ሰዓት የእርሳስ ባትሪ ሁለት ሰዓት በሙሉ ጉልበት ያስኬዳታል ተብዬ ነበር፤ አንድ ሰዓት እንኳ በቅጡ አልሞላም።

መልስ፦ ሻጩ 100ን ለ50 አካፍሎ ነው የነገረዎት። እንዲህ ያለች ሞተር በሙሉ ጉልበት ወደ 50 አምፔር ትወስዳለች። ባትሪው ላይ የተጻፈው 100 ግን በ20 ሰዓት ቀስ ብሎ ሲወርድ፣ ማለትም በ5 አምፔር የተለካ ነው። የእርሳስ ባትሪ በፍጥነት በተሳበ ቁጥር የሚሰጠው ጠቅላላ መጠን ያንሳል፤ በ50 አምፔር ከ100ው ወደ 60 ገደማ ቢሰጥ ነው። ግማሹን ብቻ እንጠቀም ካልን ደግሞ በሙሉ ጉልበት የሚቀርልዎ ግማሽ ሰዓት አካባቢ ነው። በጣም የሚረዳው ፍጥነት መቀነስ ነው፤ ጀልባን ለመግፋት የሚፈለገው ኃይል ከፍጥነቱ እጅግ በበለጠ ስለሚያድግ፣ ፍጥነቱን ጥቂት ዝቅ ሲያደርጉ ሰዓቱ ብዙ ይጨምራል። ለዚህ ሞተር ራሱን የቻለ ባትሪ ይስጡት። ማስነሻውን ከእሱ ጋር ካጋሩት በቀዘፋ መመለስ አለ።

ጥያቄ፦ የእርሳሱን ባትሪ አውጥቼ በእሱ ቦታ ሊቲየም ብቻ ባስገባ በቂ ነው?

መልስ፦ ለጀልባ የሚሸጠው በአብዛኛው ሊቲየም ብረት ፎስፌት የሚባለው ነው፤ ከሊቲየም ዓይነቶች በሙቀት የሚረጋጋው እሱ ነው። ባለ 100 አምፔር-ሰዓቱ ከ11 እስከ 13 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፤ እኩያው የእርሳስ ባትሪ ግን 30 ኪሎ ሊጠጋ ይችላል። ከአቅሙ 80 በመቶውን ያለ ስጋት ይጠቀሙበታል። ጥቅሙ እውነት ነው፤ አውጥቶ መተካት ብቻ ግን አይበቃም።

መጀመሪያ ቻርጀሩን ይመልከቱ። ለሊቲየም የሚስማማው ከ14.2 እስከ 14.6 ቮልት ሲሆን፣ አሮጌ ቻርጀሮች ሰልፌት (የእርሳስ ባትሪ ሳይሞላ ሲቆይ ፕሌቱ ላይ የሚጋገረውን) ለማፍረስ ብለው ከ15 ቮልት በላይ የሚልኩበት ደረጃ ካላቸው መዘጋት አለበት። ሁለተኛው ዲናሞው ነው። ሊቲየም የተሰጠውን ሁሉ ስለሚስብ ትንሽ ዲናሞ ያለ ዕረፍት በሙሉ ጉልበቱ ሠርቶ ይግላል፣ ይቃጠላልም። በዚያ ላይ በባትሪው ውስጥ ያለው መቆጣጠሪያ ሰሌዳ ከሞላ በኋላ ድንገት ቢያቋርጥ፣ መሄጃ ያጣው ቮልት ዘሎ ዲናሞውንና የቀሩትን ኤሌክትሮኒክስ ይመታል። የሚሻለው የእርሳሱን ማስነሻ ባትሪ እንዳለ ትቶ፣ በእሱና በሊቲየሙ መካከል ከዲሲ ወደ ዲሲ (ከባትሪ ወደ ባትሪ) የሚሞላ ቻርጀር ማስገባት ነው። ለትንሽ ሞተር 20 አምፔር የሚያሳልፍ ይበቃል፤ ዲናሞው ይህን ማመንጨት መቻሉን ግን አስቀድመው ያረጋግጡ። አምራቹ ለማስነሻ ይሆናል ብሎ ካልጻፈ ሊቲየምን ከሞተሪኖ ጋር አያገናኙ። ሙቀቱ ከ0 ዲግሪ በታች ሆኖም አይሙሉት፤ የማይመለስ ጉዳት ይደርስበታል።

ጥያቄ፦ ባትሪዬ ምን ያህል እንደቀረው በቴስተር ማወቅ ይቻላል?

መልስ፦ ለእርሳስ ባትሪ ይቻላል፤ ከሞላ ወይም ከሠራ በኋላ ምንም ሳይስብ ጥቂት ሰዓት ማረፍ አለበት። ካረፈ በኋላ 12.7 ቮልት ሙሉ ነው፣ 12.4 ሦስት ሩብ፣ 12.2 ግማሽ፣ 12.0 ሩብ። ኤጂኤም የሚባለው ዝግ ባትሪ ከእነዚህ ትንሽ ከፍ ይላል። ከቻርጀር እንደወጣ የሚለካ ሰው 13 አይቶ ይደሰታል፤ ያ ላዩ ላይ ያለ ቮልት ነው። ሞልቶና አርፎ 10.5 አካባቢ ብቻ የሚያሳይ ባትሪ ከስድስቱ ክፍሎቹ አንዱ ሞቷልና ጊዜዎን አያባክኑበት። ክዳኑ የሚከፈት ከሆነ የአሲድ መለኪያው ይበልጥ ይናገራል፤ ሲሞላ 1.265 ገደማ ያነባል፣ በክፍሎቹ መካከል ከ0.050 በላይ ልዩነት ካለ ግን ዝቅ ያለው ክፍል እየሞተ ነው።

በሊቲየም ላይ ቴስተር አይረዳም። ከሙሉ እስከ ሊያልቅ ሲል ቮልቱ እምብዛም አይንቀሳቀስም፤ በኔጌቲቩ መስመር ላይ ሻንት (የሚያልፈው አምፔር የሚለካበት ቁራጭ) ተገጥሞ የገባውንና የወጣውን አምፔር የሚቆጥር መለኪያ ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ውሃ የምጨምረው ከመሙላቴ በፊት ነው በኋላ?

መልስ፦ ከሞላ በኋላ፤ ሲሞላ ፈሳሹ ከፍ ስለሚል አስቀድመው ከጨመሩ አሲዱ ይፈስሳል። ፕሌቶቹ ከውሃው በላይ ወጥተው ካዩ ግን በፊት እነሱን የሚሸፍን ያህል ብቻ ጠብ ያድርጉ። የተጣራ የባትሪ ውሃ ይሁን፤ አሲድ በጭራሽ አይጨምሩ፣ የተነነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም። ሲሞላ የሚወጣው ሃይድሮጅን ከአየሩ 4 በመቶ ሲደርስ በብልጭታ ይፈነዳልና የባትሪው ሳጥን ከላይ መተንፈሻ ይኑረው። ጋዙ ወደ ላይ እንጂ ወደ ታች አይሄድም። የባሕር ውሃ ባትሪው ውስጥ ቢገባ ደግሞ መርዛማው ክሎሪን ስለሚፈጠር አጠገቡ አይቁሙ።

ጥያቄ፦ ተርሚናሉ ላይ ነጭና አረንጓዴ ዱቄት ይወጣል። አንዳንዴ ሞተሩ ጠቅ ብሎ ዝም ይላል።

መልስ፦ ሁለቱ አንድ በሽታ ናቸው። በመጀመሪያ ኔጌቲቩን፣ ቀጥሎ ፖዘቲቩን ይፍቱ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በግማሽ ሊትር ውሃ በጥብጠው ዱቄቱን ይጠቡ፤ ክዳኖቹ ተዘግተው ይሁን፣ ሶዳው ወደ ውስጥ ከገባ አሲዱን ይገድለዋል። በሽቦ ብሩሽ እስኪያበራ ፈትገው ያድርቁ። ሲመልሱ ፖዘቲቩ ይቀድማል። ከጠበቀ በኋላ ቫዝሊን ይቀቡት፤ ከመጥበቁ በፊት የተቀባ ቅባት መገናኛው መካከል ይገባል። በጣት የሚጠብቁትን ባለ ክንፍ ዳዶዎች አውጥተው ይጣሉ። ማዕበል ያላላቸዋል፣ የላላ መገናኛ ይግላል። በቁልፍ የሚጠብቅ ዳዶ ከማይላላ ሮንዴላ ጋር ይግጠሙ። ባትሪው ራሱም በማሰሪያ ይያዝ፤ በየትኛውም አቅጣጫ ከ2.5 ሳንቲሜትር በላይ መንቀሳቀስ የለበትም።

ጥያቄ፦ ጀልባው ለወራት ሲቆም ባትሪውን ምን ላድርገው? ሲሚንቶ ላይ ከተቀመጠ ይወርዳል የሚሉኝ አሉ።

መልስ፦ ሲሚንቶው ምንም አያደርገውም፤ የዛሬው የፕላስቲክ ቤት ኤሌክትሪክ አያሳልፍም። የሚያወርደው ጊዜና ሙቀት ነው፣ ካልተፈታ ደግሞ በስውር የሚስቡ ዕቃዎች። ሬዲዮው ጠፍቶም ጣቢያዎቹን ለማስታወስ 20 ሚሊ አምፔር ብቻ ቢስብ በወር ከ14 አምፔር-ሰዓት በላይ ይበላል። የእርሳስ ባትሪ ሙሉ ሆኖ ይክረም፣ በየወሩ ይለካ፣ ወደ 12.4 ከወረደ ይሞላ። ባዶውን ከተቀመጠ ፕሌቱ ላይ የሚጋገረው ሰልፌት እየደረቀ ሄዶ ኋላ በቻርጀር አይፈታም። ሊቲየም በተቃራኒው ግማሽ አካባቢ ሆኖ፣ ከሁሉም ገመድ ተፈትቶ ቢቀመጥ ይሻለዋል።

ጀልባው ውሃ ላይ የሚቆም ከሆነ ግን ባትሪውን ሁሉ አይፍቱ። ውሃ የሚያወጣው አውቶማቲክ ፓምፕ ዋናው ማጥፊያ ቢጠፋም እንዲሠራ በራሱ ፊውዝ በቀጥታ ከባትሪው ጋር ይገናኝ፣ ፊውዙም ከባትሪው ከ18 ሳንቲሜትር አይራቅ። ፓምፑ 5 አምፔር ወስዶ ገመዱ በደርሶ መልስ 10 ሜትር ከሆነ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ይበቃዋል፤ በ1.5 ግን ከግማሽ ቮልት በላይ በመንገድ ይቀርና ፓምፑ ይደክማል።