የእንጨት ሥራ በቤታችን፦ ጠይቁኝ፣ የማውቀውን እነግራችኋለሁ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። አናጺ አይደለሁም፣ እንጀራዬ ሒሳብ ሥራ ነው፣ ግን ሰርቪስ ቤቱን በመጋዝና በመላጊያ ከሞላሁት 14 ዓመት ሆነኝ፣ ባለቤቴ እስካሁን "የሽንኩርት ማስቀመጫዬን መልስ" ትለኛለች። ዛሬ ቅዳሜ ነው መብራትም የለም፣ ስለዚህ ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከዋንዛ የሠራሁት ረከቦት በ2 ወሩ ፊቱ መሀል ለመሀል ተሰነጠቀብኝ። ኮላው ጥሩ ነበር፣ ምን አጥፍቼ ነው?

መልስ፦ ኮላውን ተወው ወንድሜ፣ እንጨትህ እርጥብ ነበር። እንጨት ሲደርቅ በወርዱ ይጠባል፣ በርዝመቱ ግን ምንም አይልም ማለት ይቻላል። አንተ ደግሞ ፊቱን ከሥሩ ካለው ፍሬም ጋር አራቱንም ጎን በኮላም በምስማርም ቸንክረኸዋል፣ ልጥበብ ሲል መሄጃ አጣ፣ ተቀደደ። እኔ የመጀመሪያ ረከቦቴን ለእናቴ ለፋሲካ ሰጥቼ ለዳግም ትንሣኤ ሳይደርስ ሌሊት ጧ! ሲል ሲኒ የተሰበረ መስሏት ተነስታ ስትቆጥር አደረች።

አሁን ፊቱን በኮላ አትለጥፈው፣ ከሥር በብሎን እሰረው፣ የብሎኑን ቀዳዳ ደግሞ በወርዱ አቅጣጫ ሞላላ አድርገው፣ እንጨቱ ወዲያ ወዲህ ይበልበት። 2.5 ሳንቲ ውፍረት ያለው ጣውላ ጥላ ሥር፣ መሀል መሀሉ ቀጫጭን ቁራጭ እየገባ ተደርድሮ ለመድረቅ ወደ 1 ዓመት ይፈልጋል። መድረቁን ለማወቅ ማሽን አያስፈልግም፣ ከጣውላው ላይ ቁራጭ ቁረጥና በኩሽና ሚዛን በየሳምንቱ መዝነው፣ ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ያኔ ሥራ ጀምር።

ጥያቄ፦ 1 ዓመት ማን ይጠብቃል? የደረቀ ከየት ይገኛል?

መልስ፦ ከፈረሰ ቤት! የድሮ በር፣ የድሮ የዝግባ ወለል፣ ስንት ዓመት ደርቆ የተቀመጠ እንጨት ለማገዶ ሲሸጥ ሳይ አንጀቴ ይቃጠላል። ደግሞ ዋንዛ፣ ዝግባ፣ ጥድና ኮሶ በ1986ቱ የደን አዋጅ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ተብለው የነበሩ ናቸውና አሮጌውን መጠቀሙ ለህሊናም ይቀላል። ብቻ ከመላግህ በፊት ማግኔት እየጎተትክ ምስማር ፈልግ፣ አንዲት የተደበቀች ምስማር የመላጊያህን ምላጭ ትበላዋለች።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ከአሜሪካ የኤሌክትሪክ መጋዝ ላከልኝ፣ ዝም ብዬ ልሰካው?

መልስ፦ ኧረ እንዳትሰኪው እህቴ! የነሱ 120 ቮልት ነው የኛ 220፣ ወዲያው ነው የሚያጨሰው። ጀርባው ላይ 15 አምፔር የሚል ከሆነ 1800 ዋት ገደማ ይስባል፣ ስለዚህ 220ውን ወደ 120 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ያስፈልግሻል፣ ትንሿ የሬዲዮ ትራንስፎርመር አትችለውም፣ 3000 ዋት የሚሸከም ግዢ። ባለባትሪ ከሆነ ግን ጣጣው ቻርጀሩ ብቻ ነው።

ጥያቄ፦ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ ጎረቤት ሳይጮህብኝ በረንዳ ላይ መሥራት ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፣ መላጊያና መሮ ማንንም አይቀሰቅሱም፣ ከተሳሉ። የሚደነዝዝ መሮ ነው በመዶሻ የሚያስደበድበው። ጠፍጣፋ መስታወት ላይ ብርጭቆ ወረቀት ለጥፍ፣ ከ240 ቁጥር ጀምረህ እስከ 1000 ውጣ (ቁጥሩ በጨመረ መጠን ወረቀቱ እየለሰለሰ ይሄዳል)፣ መሮውን 25 ዲግሪ ገደማ ይዘህ ሳለው። የክንድህን ፀጉር ከላጨ በቂ ነው።

ጥያቄ፦ ቫርኒሽ ይሻላል ዘይት?

መልስ፦ ውሃና ቡና ለሚፈስበት ቫርኒሽ፣ ለሌላው እኔ የተልባ ዘይት እወዳለሁ፣ የዋንዛን መልክ ያወጣዋል። የረጋ የምግብ ዘይት የሚቀቡ አሉ፣ በጭራሽ አይደርቅም፣ አቧራ ሰብስቦ ይቀራል። አንድ ነገር ግን አደራ፦ የተልባ ዘይት የነካ ጨርቅ ጨብጣችሁ ጥግ ላይ አትጣሉ። ዘይቱ ሲደርቅ ሙቀት ያወጣል፣ የተጨበጠ ጨርቅ ደግሞ ሙቀቱን አፍኖ ይይዝና ክብሪት ሳይነካው በራሱ ይነድዳል። ዘርግታችሁ ውጪ አስጡት።

ጥያቄ፦ የኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝና ከኮላ ተጨምቆ የሚሠራው ሰሌዳ) አቧራ ይጎዳል?

መልስ፦ አዎ፣ የማንኛውም እንጨት አቧራ ይጎዳል፣ የሱ ደግሞ በጣም ደቃቅ ነው፣ ኮላም አለበት። ደህና ማስክ አድርግ፣ መስኮት ክፈት።

ጥያቄ፦ ከ10 ዓመት ልጄ ጋር ምን እንሥራ?

መልስ፦ ባለ 3 እግር በርጩማ። ባለ 4 እግር ወለሉ ትንሽ ከተዛነፈ ይንገዳገዳል፣ 3 እግር ግን የትም ይቆማል። እግሮቹን ትንሽ ወደ ውጪ ክፈቱ፣ ልጁ ብርጭቆ ወረቀቱን ይያዝ፣ በ80 ጀምሮ 120 ከዚያ 180። መጋዙን አንቺ ያዢ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የረከቦቱ ሰውዬ ነኝ፣ የተረፈኝን ቁራጭ አሁን መዘንኩት፣ 612 ግራም። ደርቋል ማለት ነው?

መልስ፦ አንዴ ተመዝኖማ አይታወቅም ወንድሜ። 612 ብለህ ከነቀኑ በእርሳስ እዛው እንጨቱ ላይ ጻፈው፣ የሚመጣው ቅዳሜ ድገመው።