ሲሊኮኑን አስቀምጡና ውሃውን ተከተሉ

ይህን የምጽፈው አዳማ ውስጥ ጋራዥ ሥራ ለጀመራችሁ ልጆች ነው። ሐምሌ ሲገባ በየግቢው የሚሰለፉትን አሮጌ የጭነት መኪኖች ታውቃላችሁ። ሹፌሩ ዳሽቦርዱ ላይ ጨርቅ ደራርቦ ይመጣል። «የፊት መስታወቱ ያፈሳል፣ ቶሎ ድፈንልኝ፣ ነገ አዋሽን ማለፍ አለብኝ» ይላል። ከእናንተ አንዱ ሲሊኮን ያነሳል፣ ዙሪያውን ይቀባል፣ ሒሳብ ይቀበላል። በቀጣዩ ዝናብ ያው መኪና ያፈሳል።

ይህ ልማድ በጣም ያሳስበኛል። ዳሽቦርድ ሥር የገባ ውሃ መቀመጫ አበስብሶ ብቻ አይመለስም። ፊውዝ ሳጥኑ ጋ ይደርሳል፣ የሽቦ ማገናኛዎችን አረንጓዴ ያደርጋል። ከዚያ ኤሌትሪሺያን ይጠራል፣ ሽቦ ይቀየራል፣ መብራቱ ግን አንዴ በራ አንዴ ጠፋ እንዳለ ይቀጥላል። ሹፌሩ ለአንድ ችግር ሁለትና ሦስት ቦታ ይከፍላል።

ውሃ የሚንጠባጠብበትና የሚገባበት ቦታ ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም። በጣሪያ መብራት በኩል የገባ ውሃ በጎን ምሰሶው ውስጥ ወርዶ እግር ሥር ይወጣል። የዝናብ መጥረጊያው ዘንግ ጎማ ካለቀ እዚያ ያስገባል። ከመስታወቱ በታች ያለው የአየር መግቢያ በቅጠልና በአቧራ ሲደፈን ውሃው መውረጃ አጥቶ ወደ ጋቢና ይዞራል። ለአዳማ ንፋስና አቧራ ደግሞ ይሄ ብርቅ አይደለም። መስታወቱን ከመንካታችሁ በፊት እነዚህን እዩ።

ከዚያ ሁለት ሆናችሁ ፈትሹ። የውስጥ ሽፋኑን ፍቱ፣ ሁሉንም በጨርቅ አድርቁ፣ መስታወቱ ሥር ደረቅ ጋዜጣ አንጥፉ። አንዱ የእጅ ባትሪ ይዞ ውስጥ ይግባ። ሌላው በጎማ ቱቦ ቀስ ያለ ውሃ ከታችኛው ጠርዝ ይጀምር። እዚያው ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ወደ ጎን፣ ከዚያ ወደ ላይ ይሂድ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉን ያዳርስና ምንም ሳታውቁ ትቀራላችሁ። የመጀመሪያዋ ጠብታ የታየችበትን በጠመኔ ምልክት አድርጉ። ቆሞ የማያፈስ መኪና ፍጥነት መንገዱ ላይ ሊያፈስ እንደሚችልም አትርሱ፤ ንፋሱ ውሃውን ወደ ላይ እየገፋ በላላው የመስታወት ዙሪያ ጎማ ሥር ያስገባዋል። ስለዚህ ሹፌሩን መቼ እንደሚያፈስ ጠይቁት።

ኤን ትሬ በሚባሉት የድሮ ፊያት የጭነት መኪኖችና የድሮ አይሱዙዎች ላይ መስታወቱን የያዘው ዙሪያ ጎማ ነው። አንዱ የጎማው ቦይ መስታወቱን፣ ሌላው የጋቢናውን የላሜራ ጠርዝ ይይዛል። ጎማውን በጥፍር ተጫኑት። እንደ ድንጋይ ከሆነ ወይም ማዕዘኑ ላይ ከተሰነጠቀ ዕድሜው አልቋል። የአዋሽና የአፋር ፀሐይ ጎማ አይምርም።

አሮጌውን ጎማ የምትጥሉት ከሆነ የውጭ ከንፈሩን በምላጭ ቆርጣችሁ መስታወቱን አውጡ። በካቻቢቴ አትፈንቅሉ። የፊት መስታወት በመሃሉ ፕላስቲክ ያለው ሁለት መስታወት ነው፤ ጠርዙ ከተነካ ስንጥቁ ወደ መሃል ይሮጣል።

ሥራው ያለው እዚህ ነው፤ ጎማው ሲነሳ የሚታየው ላሜራ ላይ። በተለይ ከአፍዴራ ጨው ሲያመላልሱ በኖሩ መኪኖች የታችኛው ጠርዝ በዝገት ተበልቶ ታገኙታላችሁ። አዲስ ጎማ በዝገት ላይ ብትጭኑ ዝገቱ ከሥር እየተላጠ ለውሃው መንገድ ይከፍታል። በሽቦ ብሩሽና በብርጭቆ ወረቀት ነጭ ብረት እስኪታይ ፈግፍጉ። የተበሳ ካለ ባትላሜራ ቆርጦ ይበይደው፤ ስቱኮ አትሙሉበት። ፀረ ዝገት ቀቡ፣ በላዩ ቀለም፣ ከዚያ በደንብ ይድረቅ። ባለቤቱን ጠርታችሁ ዝገቱን በዓይኑ አሳዩት። ያየውን ሰው ስለ ዋጋ ማስረዳት አይከብድም።

የድሮው ሲሊኮንም ተፍቆ ይውጣ። ሲሊኮን በቀረበት ቦታ ቀለምም ሌላ ማጣበቂያም አይዝም። ያ አቼቶ አቼቶ የሚሸተው ዓይነት ደግሞ ሲደርቅ የሚለቀው አሲድ ባዶ ብረትን ያዝጋል። ልታድኑት የመጣችሁትን ላሜራ ትጎዳላችሁ ማለት ነው።

አዲሱን ጎማ ትንሽ ፀሐይ አስመቱት፣ ይለሰልሳል። መስታወቱ ላይ አልብሱት። ላሜራ በሚገባበት ቦይ ዙሪያውን ጠንካራ ሲባጎ አስገቡ፤ ጫፎቹ ታች መሃል ላይ ተደራርበው ወደ ጋቢና ይንጠልጠሉ። ቦዩን በሳሙና ውሃ አርጥቡ። ናፍጣ ወይም ግሪስ የሚቀባ አይቻለሁ፤ ጎማውን አሳብጦ ያበላሸዋል። አንዱ ከውጭ በመዳፉ ይጫን፣ ሌላው ከውስጥ ሲባጎውን ቀስ እያለ ይሳብ። የጎማው ከንፈር ላሜራውን እየዘለለ ሲገባ ታያላችሁ። ማዕዘን ላይ አትቸኩሉ። ከገባ በኋላ ማሸጊያ ካስፈለገ ደርቆ የማይጠጥረውን ተጠቀሙ፤ ጋቢናው በኮረኮንች ላይ ይጠማዘዛል፣ ደረቅ ማሸጊያ ይሰነጠቃል።

አዳዲሶቹ መኪኖች መስታወታቸው ዩሪቴን በሚባል ማጣበቂያ የተጣበቀ ነው። ቀድሞ የሚቀባ የራሱ ፕራይመርና የማድረቂያ ጊዜ አለው፤ የማጣበቂያው ቱቦ ላይ የተጻፈውን ሳታነቡ አትጀምሩ።

ሲያልቅ ባለቤቱ ባለበት ያንኑ የውሃ ፍተሻ ድገሙ። ላቫጆ ሲገባ ኃይለኛውን ውሃ ጎማው ላይ አስጠግተው እንዳይለቁበት ንገሩት።

ለአዲስ ጎማ አቅም የሌለው ሹፌርም ይመጣል። ነገ ጭነት አለበት፣ ልጆች አሉት። አሮጌው ጎማ አሁንም የሚለጠጥ ከሆነ ከንፈሩን በእንጨት ቀስ ብላችሁ አንሱና የማይጠጥረውን ማሸጊያ ከሥሩ አስገቡለት። ጊዜያዊ መሆኑን ግን በቃል ብቻ ሳይሆን ደረሰኙ ላይ ጻፉለት፤ ጎማው እስኪገዛም ውሃ እንዳይንጠባጠብበት ፊውዝ ሳጥኑን ከላይ ከልሉለት።