ለአባቷ ጉልበት ምክር ለጠየቀችን ልጅ

ልጄ፣ ጥያቄሽን ትናንት ማታ አንብቤ ዛሬ ጠዋት ቡናዬን ሳልጨርስ መጻፍ ጀመርኩ። ሐረር ጀጎል የሚኖሩት አባትሽ 73 ዓመታቸው ነው፤ ስኳርና ደም ግፊት አለባቸው፤ ሐኪሙ «ጉልበታቸው አልቋል፣ ይቀየር» ብሏል፤ ወንድሞችሽ ደግሞ «በዚህ ዕድሜ ቢላዋ አይነካቸውም» ብለዋል። አንቺ መሀል ላይ ቀርተሻል። እኔ ጡረታ የወጣሁ አስተማሪ ነኝ፣ 70 ሞልቶኛል፣ ድሬዳዋ ከዚራ ነው የምኖረው። ስኳር ከያዘኝ 16 ዓመት ሆነኝ፣ ግፊቱ ደግሞ ይቀድመዋል። ቀኝ ጉልበቴን ጥቅምት 2015 አዲስ አበባ ሄጄ አስቀይሬያለሁ። ግራውን ግን አላስነካሁትም።

ኤክስሬይ አይቼ አይደለም የወሰንኩት። ኤክስሬዩማ ከዚያ በፊትም «አጥንት ከአጥንት ገጥሟል» ሲለኝ ኖሯል። አንድ ቀን ገንደ ቆሬ ለቅሶ ሄጄ ፍራሽ ላይ ተቀመጥኩ። ልነሣ ስል ጉልበቴ እምቢ አለ። ሁለት ጎረምሶች ብብቴን ይዘው አነሡኝ፣ ነጠላዬ መሬት ላይ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ለቅሶ መቅረት ጀመርኩ። ቀፊራ ገበያ መሄድም ተውኩ። ሌሊት ደግሞ ምንም ሳልራመድ ሕመሙ ከእንቅልፌ ይቀሰቅሰኝ ነበር። እኔን ለውሳኔ ያበቃኝ ይኸ ነው። ስለዚህ መጀመሪያ አባትሽን ራሳቸውን ጠይቂያቸው፦ ሌሊት ያስነሣቸዋል ወይ? በጉልበታቸው ምክንያት የተዉት ነገር ምንድነው? ወንድሞችሽ ሳይሆኑ እሳቸው ይመልሱ። እግሩ የእሳቸው ነው።

አሁን ወደ ሌሎቹ በሽታዎች ልምጣ። እኔ ያኔ የማላውቀው ብዙ ነገር ነበር። ለሕመሙ ዲክሎፌናክ ለዓመታት ያለ ማዘዣ እየገዛሁ ስውጥ ኖሬያለሁ። የሚሸጥልኝ ሰው ሌላ ምን መድኃኒት እንደምወስድ አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። እኔ ግን ለግፊቱ ኤናላፕሪልና የሚያሸናውን ኪኒን እወስድ ነበር። እነዚህ ሦስቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ኩላሊት ይጎዳሉ፤ ዲክሎፌናኩ ደግሞ ለብቻውም ግፊት ከፍ ያደርጋል። ለቀዶ ጥገናው ሲመረምሩኝ ነው የኩላሊቴ ቁጥር ከፍ ማለቱ የታየው። ዲክሎፌናኩን አስቁመው ፓራሲታሞል ሰጡኝ፣ ከሁለት ወር በኋላ ቁጥሩ ወረደ። እባክሽ ዛሬውኑ የአባትሽን የመድኃኒት ከረጢት ገልብጠሽ እዪ።

ስኳሩንም ጠዋት ጠዋት ጣት ተወግቶ በሚታየው ብቻ አትመኚ። ሐኪሙ የሚፈልገው የሦስት ወሩን አማካይ ነው፣ ኤች ቢ ኤ ዋን ሲ የሚሉትን። የእኔ 9.4 ነበር፤ «በዚህ አንነካሽም፣ ከ8 በታች አድርገሽ ነይ» ብለው መለሱኝ። ያን ቀን ባጃጅ ውስጥ አልቅሻለሁ፣ የከለከሉኝ መስሎኝ። አሁን ሳስበው ትልቁን ውለታ የዋሉልኝ ያኔ ነው። ስኳር ከፍ ካለ ቁስል ቶሎ አይድንም፤ በጉልበቱ ፋንታ የሚገባው ብረት ደግሞ የደም ሥር የለውምና ተሕዋስ አንዴ ከተጣበቀበት መድኃኒት ደርሶ አያጠፋለትም፣ እንደገና መከፈት ይመጣል። አምስት ወር ፈጅቶብኝ 7.3 አደረስኩት፤ 9 ኪሎም ቀነስኩ። አንድ ኪሎ ስትቀንሺ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈው ጫና አራት ኪሎ ገደማ ይቀንሳል፤ ይኸን ለብቻውም ተሰምቶኛል። የበሰበሰ መንጋጋዬንም አስነቀልኩ። የአባትሽን ጥርስና የእግር ጣቶቻቸውን መሀል በደንብ አሳዪ፣ ቁስል ካለ መጀመሪያ እሱ ይዳን። ጉልበት ውስጥ የሚወጋውን የስቴሮይድ መርፌ በቅርቡ ተወግተው ከሆነ ለሐኪሙ ንገሪ፤ ለቀናት ስኳር ያወጣል፣ ከቀዶ ጥገናውም ቢያንስ ሦስት ወር መራቅ አለበት። አስፕሪን ወይም ሌላ ደም የሚያቀጥን የሚወስዱ ከሆነ በራሳችሁ አታቋርጡ፣ መቼ እንደሚቆም ሐኪሙ ይንገራችሁ።

የሚቅሙ ከሆነም ሳይደበቅ ለማደንዘዣ ባለሙያው ይነገረው። ጫት ግፊትና የልብ ምት ከፍ ያደርጋል፤ በርጫ ላይ ጉልበት አጥፎ ለሰዓታት መቀመጡም ለጉልበቱ አይሆንም። ሽማግሌ አሳፈርኩ ብለሽ አትተዪው።

ቀዶ ጥገናው ራሱ እንደፈራሁት አልነበረም። ያደነዘዙኝ ከወገብ በታች ብቻ ስለነበር የመዶሻውን ድምፅ እሰማ ነበር፣ ሕመም ግን የለም። በማግስቱ በዎከር፣ በሁለት እጅ በሚያዘው የብረት መደገፊያ፣ አቆሙኝ። ደም እንዳይረጋ ሆዴ ላይ መርፌ ይወጉኝ ነበር። ከባዱ ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። ያረፍኩበት የወንድሜ ቤት ወለሉ ሴራሚክ ነው፤ እግሬ ላይ ፌስታል አስሬ ተረከዜን ወደ ኋላ እጎትታለሁ፣ ጉልበቴ እንዲታጠፍ። አንድ ጣት የምታህል ለመጨመር ጥርሴን ነክሼ አስር እቆጥራለሁ። ከዚያ ተረከዜ ሥር ፎጣ ጠቅልዬ ጉልበቴን ወደ ታች እጫናለሁ፣ ቀጥ እንዲል። በቀን ሦስት ጊዜ፣ ስድስት ሳምንት ሙሉ። ይኸን የማይሠራ ሰው ጉልበቱ ደርቆ ይቀርበታል፣ ያን ሁሉ ገንዘብ ከፍሎ። ስለዚህ ዋጋ ስትጠይቂ ብረቱና ፊዚዮቴራፒው ተካቶበት እንደሆነ አጣሪ። በእነዚያ ሳምንታት አጠገባቸው የሚሆነው ማን እንደሆነም ከወንድሞችሽ ጋር ቁርጡን ተነጋገሪ። ረመዳን ቅርብ ከሆነ ደግሞ ቀኑን ከሐኪሙ ጋር ተማከሩበት፤ ቁስል ምግብና በሰዓቱ የሚወሰድ መድኃኒት ይፈልጋል።

ማንም ቀድሞ ያልነገረኝ ነገር ቢኖር ስለ ቤት ነው። የተቀየረ ጉልበት በደንብ ይራመዳል፣ መንበርከክና ቁጢጥ ማለት ግን ለአብዛኛው ሰው ይከብደዋል። አባትሽ ነደባ ላይ፣ በሐረሪ ቤት መደብ ላይ፣ እግራቸውን አጥፈው መቀመጥ የለመዱ ይመስለኛል። ሽንት ቤቱስ የቁጢጥ ነው? ሶላት ላይ ሱጁድ የሚወርዱት እንዴት ነው? መጋላ ያሉ ጎረቤቴ እንደ እኔው ያስቀየሩ ናቸው፣ አሁን የሚሰግዱት ወንበር ላይ ነው፤ መጀመሪያ ግን ማንም ስላላዘጋጃቸው በጣም አዝነው ነበር። አባትሽ ይኸን ከቢላዋው በፊት ይወቁት። የጀጎል ዳገትና የድንጋይ ደረጃም አለ፤ ለመጀመሪያዎቹ ወራት ባጃጅ የሚደርስበት የዘመድ ቤት ቢገኝ ጥሩ ነው።

የእኔን ውጤት ጠይቀሻል። የሌሊቱ ሕመም ጠፍቷል። ቀፊራ በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ፣ ሙሉ ጥንካሬው ግን አንድ ዓመት ፈጅቷል። መንበርከክ አልችልም፣ ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ነው የምሰግደው። ሁሉም ሰው እንደ እኔ አይወጣለትም፤ ካስቀየሩት ከአምስቱ አንዱ ገደማ ሕመም ይቀርበታል ወይም እንዳሰበው ሳይሆንለት ይቀራል። ብረቱ ግን ከአሥሩ ለዘጠኙ 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ያገለግላል፣ ስለዚህ በ73 ዓመት የተቀየረ ብዙውን ጊዜ ዕድሜ ልክ ይበቃል። ዕድሜ ብቻውን አይከለክልም። ስኳሩ፣ ልቡና ኩላሊቱ ካልተስተካከሉ ነው እኔም ከወንድሞችሽ ጋር «ይቅር» የምለው።

ግራውን የተውኩት አያመኝም ብዬ አይደለም። ሌሊት ስለማይቀሰቅሰኝ፣ ክብደቴም ስለቀነሰ ነው። ወንበር ላይ ተቀምጬ እግሬን ቀጥ አድርጌ አስር እየቆጠርኩ አወርዳለሁ፤ የጭኔ ጡንቻ ሲጠነክር ጉልበቴ ቀለለው። ከዘራዬንም በቀኝ እጄ ነው የምይዘው፣ ከታመመው እግር በተቃራኒ። አባትሽ በታመመው በኩል ይዘውት ከሆነ ዛሬ አስቀይሪያቸው፣ ይኸኛው ገንዘብ አይጠይቅም።

ሳቢያን ያለ አናጢ ለሽንት ቤት የሠራልኝ፣ መሀሉ የተቆረጠ መደገፊያ ያለው ወንበር አለኝ። አሁን አያስፈልገኝም፣ ዕቃ ቤት ነው ያለው። ቢወስኑ ሰው ላኪ፣ ከድሬ ሐረር ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ተጭኖ ይመጣል።