መልስ፦ የአባቴ ኢሲጂ ላይ «ሎው ቮልቴጅ» ተጽፏል፣ ልባቸው ደክሞ ነው?

አይዞህ፣ በቀጥታ እንደዚያ ማለት አይደለም። «ሎው ቮልቴጅ» ማለት ዝቅተኛ ቮልቴጅ ነው። ኢሲጂ (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራ) ላይ የሚታየው የመስመሩ ቁመት ቆዳ ላይ የደረሰው ኤሌክትሪክ ነው እንጂ የልብ ጉልበት አይደለም።

መጀመሪያ ወረቀቱ ጫፍ ላይ ያለችውን አራት ማዕዘን ምልክት እያት። ቁመቷ 10 ሚሊሜትር መሆን አለበት፤ ያ 1 ሚሊቮልት ነው። 5 ብቻ ከሆነች ማሽኑ በግማሽ ልክ ነው ያተመው፣ ሁሉም ነገር አጥሮ ይታያል። ይቺን ብዙ ሰው ያልፋታል!

ልኩ ትክክል ከሆነ፣ ዝቅተኛ የሚባለው ኪውአርኤስ (በየምቱ የሚታየው ትልቁ ሹል መስመር) በእጅና እግር ሊዶች (ከእጅና እግር በሚለጠፉት ሽቦዎች የሚነበቡ መስመሮች) ሁሉ ከ5፣ ወይም በደረት ሊዶች ሁሉ ከ10 ሚሊሜትር ሲያንስ ነው። የሰውነት ውፍረት፣ በሲጋራ የተጎዳ ሳንባ፣ የታይሮይድ ማነስም ያሳንሱታል። እኔ ቅድሚያ የምሰጠው ግን የልብ ሽፋን ውስጥ ውሃ መጠራቀሙን ማጣራት ነው። እኛ አገር ለዚህ ቲቢ አንዱ ዋና መንስኤ ነው። ቁመቱ በየምቱ አንዴ ረዘም፣ አንዴ አጠር የሚል ከሆነ ልብ ውሃው ውስጥ እየተወዛወዘ ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ ኢኮ (የልብ አልትራሳውንድ) ይታዩ። የድሮ ኢሲጂ ካላቸውም ይዛችሁ ሂዱ፣ ማወዳደሩ ብዙ ይናገራል። ትንፋሽ ካጠራቸው ወይም ራሳቸውን ከሳቱ ግን ቀጠሮ ሳትጠብቅ ድንገተኛ ክፍል ውሰዳቸው።