አሮጌ የውድድር ሳይክል ቴላዮ፦ ይታደስ ወይስ ለሌላ ሥራ ይዋል?

ጥያቄ፦ አባቴ ትተውልኝ ያለፉት የጣሊያን ሥሪት የውድድር ሳይክል ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር ባለው ቤታችን ጓሮ ለዓመታት ተቀምጧል። ጎማውና ቸርኬው አልቀዋል። ቴላዮው (የሳይክሉ የቱቦ አጽም) ግን ቀለሙ ከመላላጡ በቀር ደህና ይመስላል። አንድ በያጅ «ከኋላው ወፍራም ቱቦ በይጄልህ እህል ትጭንበታለህ» ይለኛል። ወንድሜ ደግሞ ቀለሙን አስልጠን እንደ ጥንቱ እንመልሰው ባይ ነው። እኔ የምፈልገው ከደሴ ኮምቦልቻ ለሥራ የምመላለስበት ሳይክል ነው። የቱ ይሻለኛል?

መልስ፦ በያጁን ለጊዜው ያቆዩት። የውድድር ሳይክል ቱቦ ከውጭ ሲያዩት ጠንካራ ይምሰል እንጂ በጣም ስስ ነው። ደህና የሚባሉት ጫፋቸው 0.9፣ መሃላቸው 0.6 ሚሊሜትር ነው። ፋብሪካው ቱቦዎቹን የሚያያይዘውም ራሱን ብረቱን አቅልጦ ሳይሆን፣ መገጣጠሚያው ውስጥ ነሐስ ወይም የብር ቅይጥ አስርጎ ነው። የኤሌክትሪክ ብየዳ እንዲህ ያለው ቱቦ መሃል ላይ ሲያርፍ ወይ ይበሳዋል፣ ወይ በብየዳው ዳር ያለውን ብረት ያበላሸዋል። ያኔ ብየዳው ራሱ ሳይነካ ቱቦው ከብየዳው ጎን ይሰነጠቃል። አንድ ጆንያ እህል ሲጨመርበት ደግሞ ጊዜ አይፈጅም።

የወንድምዎ ሐሳብ ቅር አያሰኝም፤ ግን ቀለም የመጨረሻው ጉዳይ ነው። መጀመሪያ መታወቅ ያለበት ይህ ቴላዮ ሰው ይዞ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎ ቁልቁለት ለመውረድ ይበቃል ወይ የሚለው ነው። በ25 ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ ላይ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳሉ። ሜዳ ላይ ምንም የማይመስል ስንጥቅ እዚያ ጠመዝማዛው ላይ ሕይወት ያጠፋል።

ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ይመድቡለትና ሁሉንም ነገር ፈታተው ቴላዮውን ባዶውን ያስቀሩት። በላምባ ጠርገው በሳሙና ውሃ ይጠቡት። ከዚያ ፀሐይ ላይ አውጥተው የመሪው ቱቦ ከታችኛው ሰያፍ ቱቦ የሚጋጠምበትን ቦታ ይያዙ። ከመጋጠሚያው ሁለት ሦስት ጣት ያህል ወረድ ብለው ከሥሩ በኩል በአውራ ጣትዎ ቀስ ብለው ይዳስሱ። እንደ ጨርቅ እጥፋት ያለ ትንሽ ሞገድ ካገኙ፣ ወይም እዚያው ቀለሙ በአግድም በቀጭኑ ከተሰነጠቀ፣ ሳይክሉ አንድ ቀን በፊቱ ከአንድ ነገር ጋር ተጋጭቷል። ከላይኛው አግዳሚ ቱቦ ሥርም እንዲሁ ይዳስሱ። ቱቦው ከታጠፈ አያድሱት፤ ቱቦ የሚቀይር ባለሙያ ካላገኙ በቀር መንገድ አይውጡበት።

ቀጥሎ ዝገት። የላዩ ዝገት አያስፈራም፤ የሚበላው የውስጡ ነው። የኮርቻውን ቧንቧ አውጥተው ቴላዮውን ይገልብጡና በእንጨት እጀታ ኳ ኳ ያድርጉት። ቡናማ ዱቄት ቢረግፍ የተለመደ ነው። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ያለ ቅርፊት ከረገፈ ግን ብረቱ ተበልቷል። በተለይ የፔዳሉ ኩሽኔታ የሚገባበትን ቤት ይመርምሩ። ዝቅ ያለው ቦታ እሱ ስለሆነ የክረምት ውሃ በኮርቻው ቱቦ ገብቶ የሚተኛው እዚያ ነው። በካቻቢቴ ጫፍ ጠንከር አድርገው ሲጫኑት ከሰረጎደ ጉዳዩ አልቋል።

መጣመሙን ለማወቅ 2 ሜትር ተኩል የሚሆን ክር ይበቃል። አንዱን ጫፍ የኋላ ጎማ የሚታሰርበት ቀኝ ጥርብ ላይ ይሰሩ፣ ክሩን በመሪው ቱቦ ፊት አዙረው ወደ ግራው ጥርብ ይመልሱና ወጥረው ይሰሩት። አሁን ከክሩ እስከ ኮርቻው ቱቦ ያለውን ክፍተት በግራና በቀኝ ይለኩ። እስከ 2 ሚሊሜትር ልዩነት ምንም አይደለም። ከዚያ በላይ ከሆነ የኋላው ክፍል ተጣሟል። ቴላዮው ብረት ከሆነ በቀዝቃዛው፣ ያለ እሳት፣ ቀስ በቀስ ማቃናት ይቻላል።

የፊት ሹካውን ግን በምሕረት አይዩት። አውጥተው፣ ወደ ላይ የሚገባው ቱቦ ከሹካው ትከሻ ጋር የሚጋጠምበትን ዙሪያ በብርጭቆ ወረቀት ጠረግ አድርገው ይመልከቱ። እንደ ፀጉር የቀጠነ መስመር ካለ ሹካው ይጣል እንጂ አይበየድም። የኋላ ቱቦ ቢሰበር ሳይክሉ ያዘግማል፤ ሹካ ሲሰበር ግን ሰውዬው በፊቱ ይደፋል።

ቴላዮው ይህን ሁሉ ካለፈ መጠን ወደ መለካት እንምጣ። ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያባክነው ሳይለካ ዕቃ ገዝቶ ነው። የፔዳሉ ኩሽኔታ ቤት ስፋት 70 ሚሊሜትር ከሆነ የጣሊያን ነው፤ ሁለቱም ጎን በተለመደው አቅጣጫ ይፈታል። 68 ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የእንግሊዝ ነው፤ ያኔ በካቴናው በኩል ያለው በተቃራኒው፣ ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ይፈታል። ይህን ሳያውቁ በትልቅ ቁልፍ መታገል ጥርሱን ላጭቶ ጥሩ ቴላዮ ይገድላል። የጣሊያኑ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። የቀኙ ጎን ሲነዱት ራሱን እያላላ ስለሚሄድ ሲገጥሙት አጥብቀው ይሰሩት፤ ከ100 ኪሎ ሜትር በኋላም እንደገና ይመልከቱት።

የኋላ ጎማ የሚገባበት ክፍተት በድሮዎቹ ባለ 5 ማርሽ 120፣ በባለ 6 እና 7 ደግሞ 126 ሚሊሜትር ነው። የማውንቴን ሳይክል ሞዞ (የቸርኬው እምብርት) 135 ነው፤ በግድ ከፍተው አይክተቱት። ብረት ከ126 ወደ 130 በእያንዳንዱ ጎን 2 ሚሊሜትር ቢከፈት ይችላል። በ9 ሚሊሜትር ሲዘረጋ ግን የኋላ ቱቦዎቹን የሚያያይዘው ድልድይ ላይ ጫናው ይበዛል፣ ጥርቦቹም ትይዩነታቸውን ያጣሉ። ባለ 26 ኢንች ቸርኬም አያዋጣም። የውድድሩ ቸርኬ ጎማው የሚያርፍበት ዲያሜትር 622 ሚሊሜትር ሲሆን የማውንቴኑ 559 ነው። ቸርኬው በእያንዳንዱ ጎን 31 ሚሊሜትር ተኩል ስለሚያንስ የድሮው ፍሬን አይደርስበትም። ተስማሚው ባለ 700 የሚባለው፣ ይኸው የ622 ልክ ያለው የአሉሚኒየም ቸርኬ ነው። የድሮውን ኒኬል የተቀባ የብረት ቸርኬ፣ ያለዎት እንኳ ቢሆን፣ ለዚህ መንገድ አይጠቀሙበት። ሲረጥብ የፍሬኑ ጎማ ይንሸራተትበታል፤ ሐምሌ ላይ ደግሞ በሐረጎ ደረቅ አስፋልት ብዙም አያገኙም።

ሲመለሱ ያለው ዳገት የማርሽ ጉዳይ ነው። በእነዚህ ሳይክሎች የተለመደው ትንሹ የፊት ጥርስ 42፣ ትልቁ የኋላ ጥርስ 24 ነው። ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ሳይክሉ 3.7 ሜትር ገደማ ይሄዳል፤ ለወጣት ተወዳዳሪ የተሠራ ልክ ነው። ከሥራ ደክሞ ለሚመለስ ሰው ከፊት 28፣ ከኋላ 28 ቢሆን በአንድ ዙር 2.1 ሜትር ስለሚሄድ ጉልበት ያተርፋል። ለዚህ ባለ ሦስት የፊት ጥርስ ፔዳልና ካቴናውን የሚስብ ረጅም የኋላ ማርሽ መቀየሪያ ያስፈልጋል። ሁለቱም በብሎን የሚታሰሩ ናቸው።

የእኛ ፍርድ እንዲህ ነው፦ አይቁረጡት፣ አይበይዱት፣ እንደ ጥንቱም አያስመስሉት። ሊፈታ በሚችል ነገር ብቻ ለመንገድዎ ያመቻቹት። ቀጥ ያለ መሪ ከፈለጉ የመሪው አንገት ወደ ሹካው የሚገባው ክፍል 22.2 ሚሊሜትር መሆኑን ያረጋግጡ። የአባትዎን መሪ፣ ፔዳልና ማርሽ ግራሶ ቀብተው በጨርቅ ጠቅልለው ያስቀምጡ፤ ነገ ልጅዎ እንደ ጥንቱ ልመልሰው ቢል ምንም አይጎድልበትም። ዕቃ ማመላለሻ ካስፈለገ በማቀፊያና በብሎን የሚታሰር ይግጠሙ፤ ከ10፣ ቢበዛ ከ15 ኪሎ አያሳልፉ። ገንዘቡን መጀመሪያ ለፍሬን ጎማና ካቦ፣ ቀጥሎ ለቸርኬና ጎማ፣ ከዚያ ለኩሽኔታ ያውሉት።

ቀለሙን እንዳለ ይተውት። ዝገት ያለበትን ብቻ አቼቶ ውስጥ በተነከረ ጨርቅ ለጥቂት ሰዓት ሸፍነው በ400 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት በውሃ ይጥረጉ። ደረቁን አይፈግፍጉ፤ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል አቧራው ለሳንባ አደጋ ነው። ከዚያ በቤኪንግ ሶዳ ውሃ አጥበው፣ አድርቀው፣ አንቲረስትና ቀለም ይቀቡ። በአሸዋ ግፊት የሚያጸዳ ቤት ቢያገኙም ስስ ቱቦ አይስጡት። ለውስጡ የተልባ ዘይት ጥሩ ነው። 100 ሚሊ ሊትር ያህል በኮርቻው ቱቦ አፍስሰው ቴላዮውን በየአቅጣጫው እያገላበጡ ሁሉንም ያዳርሱ፣ ትርፉን ያንጠፍጥፉ፣ ሁለት ሳምንት ፀሐይና ነፋስ ላይ ያቆዩት። ዘይቱ የነካውን ጨርቅ ግን ጠቅልለው ጥግ አይጣሉት። ሲደርቅ ራሱ ይሞቃል፤ እሳት ሊያስነሳም ይችላል። ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ይንከሩት።

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው። የአሉሚኒየም ሳይክሌ ከፔዳሉ አጠገብ ተሰነጠቀ። አርጎን ብየዳ የሚሠራ አለ፤ ላስበይደው?

መልስ፦ አያስበይዱት። አብዛኛው የአሉሚኒየም ቴላዮ ጥንካሬውን የሚያገኘው ከብየዳ በኋላ እንደገና በልክ በሚሰጠው ሙቀት ነው። ብየዳው ቢያምርም ዙሪያውን ያለሰልሰዋል፤ ስንጥቁም ጥቂት ጊዜ ቆይቶ ይመለሳል። ቸርኬውን፣ ፍሬኑንና መሪውን አውጥተው ለሌላ ቴላዮ ይጠቀሙባቸው። ቴላዮውን ለሌላ ሰው ከመስጠትዎ በፊት ማንም እንዳይነዳው ከመሃል ይቁረጡት። እንዲያ ሆኖ የሱቅ ዕቃ መስቀያ ይወጣዋል።

ጥያቄ፦ ከሳይክሉ ላይ የአሉሚኒየሙ ኮርቻ ቧንቧ አልወጣ አለ። ጎሚስታው በመዶሻ ሊመታው ነው።

መልስ፦ ያስቁሙት። አሉሚኒየምና ብረት እርጥበት ሲያገኛቸው መሃላቸው ላይ ነጭ ዝገት ይፈጠራል፤ መዶሻ ይህን አያላቅቅም፣ ቱቦውን ግን ይሰነጥቃል። ማሰሪያውን ብሎን ጨርሰው ያውጡ። ሳይክሉን ገልብጠው በፔዳሉ ቤት በኩል ዝገት የሚያላቅቅ ዘይት ያፍስሱና ሦስት አራት ቀን፣ ጠዋትና ማታ እየጨመሩ ያቆዩት። በእሳት ማሞቅ አይጠቅምም፤ አሉሚኒየም ከብረት ሁለት እጥፍ ያህል ስለሚነፋ ይብስ ይጠብቃል። ተቃራኒውን ያድርጉ፦ ቧንቧውን በበረዶ ጠቅልለው ቱቦውን በሙቅ ውሃ ጨርቅ ያሙቁ። ከዚያ የቧንቧውን ጫፍ ሞርሳ ላይ አስረው ቴላዮውን እንደ ረጅም መፍቻ ይዘው ግራና ቀኝ ያዙሩ። አይሳቡ፤ መጀመሪያ መዞር አለበት። ጨርሶ እምቢ ካለ፣ ቧንቧውን ከላይ ቆርጠው በብረት መጋዝ ምላጭ ከውስጥ ቁልቁል በሁለት ቦታ ይሰንጥቁትና ወደ ውስጥ አጥፈው ያውጡት። ግማሽ ቀን ይፈጃል። ምላጩ ወደ ቱቦው እንዳይገባ በየጥቂቱ በባትሪ እያዩ ይሥሩ።

አዲሱን ከመግዛትዎ በፊት የወጣውን ዲያሜትር በካሊፐር ይለኩ። 27.2 እና 26.8 በዓይን አይለዩም፤ ቀጭኑን በግድ ቢያስሩት ማሰሪያው ብሎን የሚገባበት የቴላዮው ጆሮ ይታጠፋል። ሲያስገቡ ግራሶ ይቀቡት፤ በየዓመቱ ክረምት ሳይገባ አንድ ጊዜ አውጥተው፣ ጠርገው፣ እንደገና ቀብተው ይመልሱት።