«ኢን ዘ ብሊንክ ኦፍ አን አይ» የሚለውን አባባል የት እንጠቀምበት?

ጠያቂያችን ያቀረቡት ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ለሥራ ባልደረባቸው በእንግሊዝኛ በጻፉት መልእክት «ሰነዱን በቅጽበት እልክልሃለሁ» ለማለት «ኢን ዘ ብሊንክ ኦፍ አን አይ» (ቃል በቃል «በአንድ የዓይን እርግብግቢት») የሚለውን አባባል ተጠቀሙ፤ መልእክቱን ያዩ ሌላ ሰው ደግሞ «ስሕተት የለበትም፤ ግን እንዲህ አይባልም» አሏቸው። ጠያቂያችን ጉድለቱ የቱ ላይ እንደሆነ፣ ከ«ብሊንክ» በፊት የሚገባው «ዘ» ይሁን «ኤ»፣ «ብሊንክ»ንስ በ«ዊንክ» መተካት ይቻል እንደሆነ ማወቅ ይፈልጋሉ። ለብዙ ዓመታት በሁለቱ ቋንቋዎች መካከል ስተረጉምና ለአዋቂዎች የማታ ትምህርት ስሰጥ ይህ አባባል ደጋግሞ ስላጋጠመኝ፣ ያየሁትን በዝርዝር አቀርባለሁ።

አስተያየት የሰጡዎት ሰው ትክክል ናቸው። ዓረፍተ ነገሩ በሰዋስው በኩል እንከን የለበትም፤ ያልተስማማው አባባሉ የገባበት ቦታ ነው። «ኢን ዘ ብሊንክ ኦፍ አን አይ» በአብዛኛው የተራኪ አነጋገር ነው። አንድ ነገር ከሆነ በኋላ፣ ያየው ወይም የደረሰበት ሰው መለስ ብሎ ሲያስበው፣ ነገሩ ልብ ሳይለውና ሳይዘጋጅበት ማለፉን የሚገልጽበት ቃል ነው። ብርጭቆ ከጠረጴዛ ጫፍ ሲወድቅ፣ አጠገባችን የነበረ ሕፃን ከዓይናችን ሲሰወር፣ ጠርቶ የዋለ ሰማይ ድንገት ሲጠቁር እንግሊዝኛ ተናጋሪ ይህን ሐረግ ያነሣል፤ በእነዚህ ሁሉ ውስጥ ፍጥነቱ ያስደነገጠው ወይም ያስደነቀው ተመልካች አለና። «ሰነዱን እልካለሁ» የሚለው ሰው ግን ተመልካች ሳይሆን አድራጊ ነው፤ ገና ባልፈጸመው የገዛ ሥራው ፍጥነት አስቀድሞ ሲደነቅ፣ አነጋገሩ የማስታወቂያ ቃል ይመስላል። በእርግጥም አባባሉ ለወደፊት ተስፋ ሲውል በብዛት የምናገኘው ዕቃ ወይም አገልግሎት በሚያስተዋውቁ ጽሑፎች ውስጥ ነው።

የእኛ ስሕተት ከየት እንደሚመጣ ግልጽ ይመስለኛል። አማርኛው «በቅጽበት» ሁለቱንም ሥራ ይሠራል፤ «በቅጽበት ጠፋ» እንላለን፣ «በቅጽበት እመለሳለሁ»ም እንላለን። እንግሊዝኛው ግን እነዚህን ሁለት ሥራዎች ለተለያዩ ቃላት አከፋፍሏል። ቃል ለመግባት «ራይት አዌይ»፣ «ኢን ኤ ሚኒት»፣ «ኢን ኖ ታይም»፣ በቤተሰባዊ ንግግር ደግሞ «ኢን ኤ ጂፊ» ይባላል፤ በመደበኛ ደብዳቤ «ሾርትሊ» የሚለው ይመረጣል። ስለዚህ መዝገበ ቃላት «በቅጽበት» ብሎ የተረጎመውን ሐረግ ሁሉ እንዳለ ወስደን «በቅጽበት» ባልንበት ቦታ ሁሉ ብናስገባው፣ ቃሉ ትክክል ሆኖ ንግግሩ እንግዳ ይሆናል።

ይህን ጉዳይ በቁም ነገር እንድመለከተው ያደረገኝ የአንድ ማሽን ብልሽት ዘገባ ነው። ኦፕሬተሩ በአማርኛ በጻፈው ማስታወሻ ላይ «ማሽኑ በቅጽበት ቆመ» ይላል፤ እኔም ያለ ብዙ ማሰብ «ኢን ዘ ብሊንክ ኦፍ አን አይ» ብዬ ተረጎምሁት። ዘገባውን የተቀበለው መሐንዲስ ከሐረጉ ሥር ሁለት ጊዜ አስምሮ፣ በኅዳጉ ላይ «ስንት ሰከንድ?» ብሎ ጽፎ መለሰልኝ። መልሼ ኦፕሬተሩን ስጠይቀው፣ ስለ ጊዜው እርዝማኔ ምንም ሊል እንዳልፈለገ ነገረኝ። ሊል የፈለገው ማሽኑ ድምፁ ሳይለወጥ፣ ፍጥነቱን ቀስ በቀስ ሳይቀንስ፣ እየዞረ ሳለ ቀጥ ማለቱን ነበር። ይህ ለጥገና ባለሙያ ትልቅ ልዩነት አለው፤ ቀስ በቀስ የሚቆምና ድንገት ቀጥ የሚል ማሽን ብልሽታቸው አንድ ዓይነት ላይሆን ይችላልና። ትርጉሙን «አብራፕትሊ» በሚለው ቃል አስተካክዬ፣ ከጎኑም የአቋቋሙን ሁኔታ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨምሬ መለስሁ። ከዚያ ወዲህ በቴክኒክ፣ በሕክምናና በሕግ ጽሑፎች ውስጥ ይህን አባባል አላስገባም። አባባሉ የሰውን ስሜት እንጂ ጊዜን አይለካም፤ እንዲህ ባሉ ጽሑፎች ደግሞ አንባቢው የሚፈልገው ልኩን ነው።

ልኩ ራሱ ቢሆን አስተማሪ ነው። አንድ የዓይን እርግብግቢት በግምት ከ0.1 እስከ 0.4 ሰከንድ ይፈጃል፤ ሰው ዕረፍት ላይ ሳለ በአማካይ በደቂቃ ከ15 እስከ 20 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል። ይሁን እንጂ ዓለም በየአራት ሰከንዱ ስትጨልም አይታየንም፤ ሽፋሽፍቱ በሚከደንበት ጊዜ አንጎላችን የማየት ስሜታችንን ስለሚገታው ጨለማውን ልብ አንለውም። የአባባሉ ኃይል ያለው እዚህ ላይ ነው ብዬ አምናለሁ። ነገሩ የሆነው እኛ ባላየንባት፣ አለማየታችንንም ባላወቅንባት በዚያች ጠባብ ክፍተት ውስጥ ነው። ከፍጥነት ይልቅ ሳያዩ መቅረትን የሚናገር ሐረግ መሆኑን የተረዳ ሰው፣ የት እንደሚያስገባው ብዙ አይቸገርም።

ወደ «ዊንክ» ልለፍ። በአማርኛ «በዓይን ጥቅሻ» ስለምንል፣ ተማሪዎቼ «ዊንክ»ን ቢመርጡ አይገርመኝም፤ ጥቅሻ በትክክል «ዊንክ» ነውና። «ዊንክ» ሰው አስቦ፣ በአንድ ዓይኑ፣ ለሌላ ሰው የሚሰጠው ምልክት ነው። «ብሊንክ» ግን ሁለቱም ዓይኖች ሳይታሰብ የሚያደርጉት መርገብገብ ነው። «ኢን ዘ ዊንክ ኦፍ አን አይ» የሚል አነጋገር በእንግሊዝኛ አለ፤ ስሕተት ነው አይባልም፤ ዛሬ በሰፊው የሚሠራበት ግን «ብሊንክ» ነው። ስለዚህ በራስዎ ጽሑፍ «ብሊንክ»ን ይያዙ። ከሐረጉ ውጭ ግን ሁለቱን ማለዋወጥ ያሳፍራል፤ «አቧራ ገብቶብኝ ዓይኔን አርገበገብሁ» ለማለት «ዊንክ» ያለ ሰው «ጠቀስሁ» ብሏልና።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን ቃል ጥቂት ልበል፤ ነገሩን የበለጠ ያበራዋል። «ቅጽበት» ከግእዙ «ቀጸበ» የመጣ ነው፤ «ቀጸበ» ማለትም በዓይን ጠቀሰ፣ ምልክት ሰጠ ማለት ነው። እንግዲህ «በቅጽበት» ባልን ቁጥር፣ ብንረሳውም፣ ዓይን አንሥተናል። በአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ 1ኛ ቆሮንቶስ 15፥52 ላይ «በቅጽበት ዓይን» የሚለው አነጋገር የቃሉን ጥንተ ትርጉም እንደጠበቀ ይገኛል። ይኸው ጥቅስ እ.ኤ.አ. በ1611 በታተመው የኪንግ ጄምስ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም «ኢን ዘ ትዊንክሊንግ ኦፍ አን አይ» ተብሎ ተጽፏል፤ ዛሬ «ትዊንክሊንግ» የሚለውን የሚጠቀም ሰው ሆን ብሎ የጥንት ወይም የመንፈሳዊ ጽሑፍ ለዛ ሊሰጥ የፈለገ ነው። ጀርመኖችም «አፍታ»ን «አውገንብሊክ» ይሉታል፤ ቃሉ ሲፈታ የዓይን እይታ ማለት ነው። አጭሩን ጊዜ በዓይን መናገር የብዙ ቋንቋዎች የጋራ ሀብት ከሆነ፣ የእኛ ችግር ሥዕሉን መረዳት አይደለም፤ እያንዳንዱ ቋንቋ ሥዕሉን የሚያኖርበትን ቦታ ማወቅ ነው።

ስለ «ዘ» እና «ኤ» መልሱ አጭር ነው። ሙሉው ሐረግ ሲጻፍ «ኢን ዘ ብሊንክ ኦፍ አን አይ» ነው፤ የረጋ አባባል ስለሆነ «ዘ»ን አይለውጡ፣ «አይ»ንም ወደ ብዙ ቁጥር አይለውጡ፣ «የእኔ ዓይን»ም አይበሉ። ሐረጉን አሳጥረው «ኢን ኤ ብሊንክ» ካሉ ግን «ኤ» ትክክል ይሆናል።

መስተዋድዱ የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል። «ኢን» በ«ኦን» ሲተካ ትርጉሙ ጨርሶ ይጠፋል፤ «ኦን ዘ ብሊንክ» ማለት ዕቃው አልሠራ ብሏል፣ አንዴ እየሠራ አንዴ እያቆመ ያስቸግራል ማለት ነው። በዚህ ላይ «ኦን ዘ ብሪንክ ኦፍ» የሚል ሌላ ሐረግ አለ፤ እርሱም «በአፋፍ ላይ» ማለት ነው። አንድ ጎበዝ ተማሪዬ ስለ አንድ ድርጅት በጻፈው ድርሰት «በኪሳራ አፋፍ ላይ ነው» ሊል አስቦ «ብሪንክ» በሚገባበት «ብሊንክ» ጻፈ። አንዲት ፊደል ብቻ ነች የተሳሳተችው፤ ነገር ግን ዓረፍተ ነገሩ ትርጉም አልባ ሆነ፣ የድርሰቱም ዋና ሐሳብ ያረፈው በዚያ ዓረፍተ ነገር ላይ ነበር። ሦስቱን ሐረጎች አንድ ገጽ ላይ ከየምሳሌያቸው ጋር ጽፎ ጮክ ብሎ እንዲያነባቸው አደረግሁ፤ በጆሮ ሲለዩ በእጅም ይለያሉ።

ብዙዎችን የሚያሳስት ሌላም አለ። «ዊዝአውት ብሊንኪንግ» ወይም «ዊዝአውት ባቲንግ አን አይ» የሚለውን «በፍጥነት» ብለው የሚተረጉሙ አሉ። ይህ ስለ ጊዜ አይናገርም፤ ሰውየው ሳያመነታ፣ ሳይደነግጥ ወይም ሳያፍር ነገሩን ማድረጉን ይናገራል። እኛ «ዓይኑን ሳያሽ ዋሸ» የምንለው ለዚህ በጣም ይቀርባል፤ ያለ እፍረት የተፈጸመ ነገር ሲሆን እኔ በዚሁ እተረጉመዋለሁ። «ኢን ኤ ሃርትቢት»ም እንዲሁ ነው፤ «ያንን ሥራ ኢን ኤ ሃርትቢት እቀበለዋለሁ» የሚል ሰው ዕድሉ ቢመጣለት ለአፍታም እንደማያመነታ እየተናገረ ነው። «በአንድ የልብ ምት እቀበለዋለሁ» ተብሎ ሲተረጎም አይቻለሁ፤ አንባቢው ምን እንዲረዳ እንደታሰበ ይቸግራል። በአንጻሩ «ስፕሊት ሰከንድ» በእውነት ስለ ጊዜ የሚናገር ሲሆን፣ አሽከርካሪ ፍሬን ለመያዝ ወይም ግብ ጠባቂ ኳስ ለመመለስ ለሚወስናት ለዚያች አጭር ጊዜ የሚስማማ ነው።

ከሁሉ በላይ የምወደው፣ ለመተርጎምም የሚያስቸግረኝ፣ ይህ አባባል ለረጅም ዘመን ሲውል ነው። አንዲት አረጋዊት እናት ለልጃቸው የጻፉትን የእንግሊዝኛ ደብዳቤ ስተረጉም፣ ሠላሳ ዓመት «ኢን ዘ ብሊንክ ኦፍ አን አይ» አለፈ የሚል ዓረፍተ ነገር አገኘሁ። መጀመሪያ «ሠላሳ ዓመት በቅጽበት አለፈ» ብዬ ጻፍሁና ሳነበው ደረቀብኝ፤ «በቅጽበት» ለድርጊት እንጂ ለዕድሜ አይመችም። «ሳላውቀው ነጎደ» አልሁ፤ ሐሳቡ መጣ፣ ዓይኑ ግን ጠፋ። በመጨረሻ «ዓይኔን ጨፍኜ ስገልጥ ሠላሳ ዓመት አልፏል» ብዬ ተውሁት። የእናትየው ድምፅ ያለው በዚህ ውስጥ ነው፤ ልጁ ትናንት ሲድህ አይተውታል፣ መለስ ሲሉ ጎልማሳ ሆኖ ቆሟል። ይህም ከላይ ያልሁትን ያጠነክራል፤ ዘመኑ ካለፈ በኋላ ወደ ኋላ የሚመለከት ሰው ስላለ አባባሉ ለሠላሳ ዓመትም ይሆናል። ለሚመጣው ሠላሳ ዓመት ግን ማንም እንዲህ ብሎ አያቅድበትም። ለማስጠንቀቂያ ሲሆን፣ ለምሳሌ «ሕይወት በቅጽበት ሊለወጥ ይችላል» ለማለት፣ «ካን» ከሚለው ረዳት ግሥ ጋር ሆኖ ያለ ችግር ይገባል፤ እዚያም ተናጋሪው የሚያስበው ለውጡ ሳይታሰብ የሚደርስበትን ሰው ነው።

እንግዲህ ወደ እርስዎ መልእክት ልመለስ። ለባልደረባዎ ከሆነ «አይል ሴንድ ዩ ዘ ዶኪዩመንት ራይት አዌይ» ይበሉ፤ ለአለቃ ወይም ለማያውቁት ሰው ከሆነ በ«ራይት አዌይ» ፈንታ «ሾርትሊ» ያድርጉ፤ ሰዓቱን የሚያውቁት ከሆነ ደግሞ ከሁለቱም ይልቅ ሰዓቱን መጻፍ ይሻላል፤ የሚጠብቅ ሰው የሚፈልገው እርሱን ነው። ሰነዱ ደርሶት፣ ገና ኮምፒውተሩን ሳይዘጋ ማግኘቱ ያስደነቀው ባልደረባዎ «ኢት ኬም ኢን ዘ ብሊንክ ኦፍ አን አይ» ብሎ ቢመልስልዎ፣ ያን ጊዜ አባባሉ በትክክለኛው ሰው አፍ ገብቷል።