የተከራየሁት ፔንሲዮን ትኋን ወጣበት፤ ኪራይ መክፈል ላቁም?

ጥያቄ፦ ሀዋሳ መናኸሪያ አካባቢ 16 ክፍል ያለው ፔንሲዮን ከነአልጋውና ከነፍራሹ ለ3 ዓመት ተከራይቼ እየሠራሁ ነው። ሥራ በጀመርኩ በ12ኛው ቀን አንድ እንግዳ ሰውነቱን ተነክሶ አደረ። ዛሬ 7 ወር ሆኖኛል፤ አራት ክፍሎች ትኋን አለባቸው። አከራዩ «አንተ ያመጣኸው ነው፤ ውሉም ጽዳት የተከራይ ነው ይላል» አሉኝ። ማላታይን የሚባለውን ፀረ ተባይ መድኃኒት ገዝቼ አስረጨሁ፤ ሁለት ሳምንት ጠፍቶ ተመለሰ። ወጪዬን ከኪራዩ ብቀንስ ወይም ኪራዩን ባቆም ሕግ ይፈቅድልኛል?

መልስ፦ ኪራዩን አያቁሙ፤ በራስዎ ውሳኔም አይቀንሱ። በቂ ክርክር አለዎት፤ ኪራይ ካቆሙ ግን አከራዩ ስለ ትኋኑ መልስ መስጠታቸው ይቀርና እርስዎ ባለዕዳ ሆነው ይቀርባሉ። ያን ጊዜ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤው የሚመጣው ከእሳቸው ነው።

በመጀመሪያ የትኛው ሕግ እንደሚገዛዎት እንለይ። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ነው፤ እሱ ለመኖሪያ ቤት እንጂ ለፔንሲዮን አይሠራም። የእርስዎ ጉዳይ የሚታየው በውልዎና በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነው። አንቀጽ 1731 በሕግ አግባብ የተደረገ ውል በተዋዋዮቹ መካከል እንደ ሕግ እንደሚያስገድድ ይደነግጋል፤ ስለዚህ «ጽዳት የተከራይ ነው» የሚለው ቃል በደንብ መመርመር አለበት።

እኔ በዚህ ቃል ትኋን ይጠቃለላል ብዬ አላምንም። ትኋን ከቆሻሻ አይፈጠርም፤ የሚኖረው በደም ነው፣ የሚገባውም በሻንጣ፣ በልብስና ባገለገለ ዕቃ ነው። በየቀኑ የሚወለወል ክፍል ውስጥም ይራባል። ወለል መጥረግና አንሶላ መቀየር የእርስዎ ግዴታ ነው፤ አከራዩ ባስረከቡት አልጋ ውስጥ ቀድሞ የነበረ ተባይ ግን የተከራየውን ነገር ለታሰበለት ሥራ ብቁ አድርጎ ከማስረከብ ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ ክርክሩ በሙሉ ወደ አንድ ጥያቄ ይወርዳል፤ ትኋኑ ቁልፍ ከመረከብዎ በፊት ነበር ወይስ በኋላ ገባ?

እዚህ ላይ የነፍሳቱ የእድገት ጊዜ ይረዳዎታል። እንቁላሉ ለመፈልፈል በሞቃት ክፍል ከ6 እስከ 10 ቀን ገደማ ይፈጅበታል። ከዚያ ትልቅ ትኋን እስኪሆን አምስት ጊዜ ቆዳውን ይጥላል፤ ለእያንዳንዱም ደም መጥባት አለበት። በጠቅላላው ከወር በላይ ይወስዳል ማለት ነው። በ12ኛው ቀን ከአልጋው ራስጌ ጀርባ የተከማቸ ቆዳና የጠቆረ ነጠብጣብ ታይቶ ከሆነ፣ ያ በ12 ቀን የተሠራ ጎጆ አይደለም። በዚያን ጊዜ ያነሱት ፎቶ ስልክዎ ላይ ካለ አይደምስሱት፤ ዋናውን ፋይል ያስቀምጡ፣ ቀኑ እዚያ ውስጥ አለ። ፎቶ ከሌለዎትም ተስፋ አይቁረጡ። የእንግዳው ቅሬታ የተጻፈበት መዝገብ፣ ለአከራዩ የላኩት የስልክ መልእክት፣ የጽዳት ሠራተኛዋ ምስክርነት ይጠቅማሉ። የርክክብ ሰነድ ካለ ፍራሾቹ አዲስ ናቸው ወይስ ያገለገሉ እንደሚል ይዩ።

ዛሬ የሚታየውንም ይመዝግቡ። ሁለት ምስክሮች ባሉበት ራስጌውን ከግድግዳው ያስፈቱ፤ ከጀርባው፣ በብሎን ቀዳዳዎቹ፣ በፍራሹ ስፌትና በዞኮሎው (በግድግዳው ግርጌ ባለው ጠርዝ) ክፍተት ያለውን በየክፍሉ ቁጥር ይጻፉ፣ ያስፈርሙ። አንድ ሁለቱን ትኋን በግልጽ ፕላስተር ወረቀት ላይ ለጥፈው ቀንና ክፍል ይጻፉበት። መድኃኒት እንደገና ከመረጨቱ በፊት የነበረውን ሁኔታ ማሳየት የሚቻለው በዚህ ብቻ ነው።

ከዚያ ማስጠንቀቂያ ይስጡ። በአንቀጽ 1772 መሠረት ሌላው ወገን ውሉን አልፈጸመም ብሎ ለመከራከር አስቀድሞ ማስጠንቀቅ ያስፈልጋል። በቃል የተነጋገራችሁትን ማስረዳት ከባድ ስለሆነ በጽሑፍ ይሁን። ረጅም አይጻፉ፦ «በ___ ቀን በተፈረመው ውል ባስረከቡኝ ፔንሲዮን በክፍል ___ ባሉት አልጋዎች ላይ ትኋን ስለተገኘ፣ ይህ ደብዳቤ በደረስዎ በ10 ቀን ውስጥ ፈቃድ ባለው ባለሙያ እንዲያስወግዱ ወይም ወጪውን ለመሸፈን በጽሑፍ እንዲስማሙ እጠይቃለሁ፤ ካልሆነ በሕግ ያለኝን መብት እጠቀማለሁ።» የምስክሮቹን ቃል አያይዙ። ቅጂው ላይ ያስፈርሙ፤ አልፈርምም ካሉ በሪኮማንዴ (በተመዘገበ የፖስታ ደብዳቤ) ይላኩና ደረሰኙን ይያዙ።

ዝም ካሉስ? አንቀጽ 1771 ውሉ እንዲፈጸም ወይም እንዲፈርስ፣ ከዚያም በላይ ኪሣራ ለመጠየቅ ያስችላል። አንቀጽ 1777 ደግሞ ሥራውን በባለዕዳው፣ እዚህ ላይ በአከራዩ፣ ኪሣራ ራስዎ እንዲያሠሩ ፍርድ ቤት ሊፈቅድልዎ እንደሚችል ይናገራል። ወጪን ከኪራይ ለማቀናነስ አስተማማኙ መንገድ ወይ የአከራዩ የጽሑፍ ስምምነት ወይ ይህ ፈቃድ ነው።

እስከዚያው ግን እጅዎን አጣጥፈው አይቀመጡ። አንቀጽ 1802 ተጎጂው ጉዳቱን ለመቀነስ የሚችለውን እንዲያደርግ ይጠብቅበታል። አራቱ ክፍሎች ስምንት ከሆኑ የተጨማሪው ኪሣራ በእርስዎ ላይ ሊቀር ይችላል። ዛሬውኑ አራቱን ክፍሎች ይዝጉ። ፍራሽ ወደ ሌላ ክፍል አያዛውሩ፤ ትኋን ከክፍል ወደ ክፍል ከሚሄድባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ከጎን፣ ከላይና ከታች ያሉትን ክፍሎች ያስፈትሹ። አንሶላውን እዚያው ክፍል ውስጥ በፕላስቲክ ከረጢት አስረው ያውጡ፣ በ60 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ይታጠብ፤ ማድረቂያ ማሽን ካለ በከፍተኛ ሙቀት ግማሽ ሰዓት ይቆይ። ፍራሽን ፀሐይ ላይ ማስጣት ብቻውን አይበቃም፤ ሙቀቱ ወደ ውስጥ አይደርስም፣ ትኋኑም ወደ ጥላው ይሸሻል።

ማላታይኑ ለምን እንዳልሠራ ይገባኛል። እንቁላሉ ብዙ ጊዜ ከርጭት ይተርፋል፤ ሁለት ሳምንት ጠፍቶ የተመለሰው ያ የተፈለፈለው ሳይሆን አይቀርም። ለእርሻ የተዘጋጀ መድኃኒት ሰው በሚተኛበት ክፍል መርጨት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። አዋጅ ቁጥር 674/2002 ፀረ ተባይ እንዲመዘገብና በቁጥጥር ሥር እንዲውል የወጣ ሕግ ነው፤ እንግዳ ቢታመም የሚጠየቁት እርስዎ ነዎት። ያስረጩት በሠራተኛዎ ከሆነ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንቀጽ 92 የሠራተኛውን ደህንነት የመጠበቅ ግዴታ በእርስዎ ላይ ይጥላል። ያለ ጓንትና ያለ ጭንብል እባክዎ አያስረጩ። ነጭ ጋዝማ ፈጽሞ አይሞከር፤ ቤት ያቃጥላል።

ባለሙያ ሲቀጥሩ ውል ይጻፉ። የመድኃኒቱ ስምና መጠን፣ በተመዘገበበት መሠረት ለቤት ውስጥና ለትኋን የሚውል መሆኑ፣ ክፍሉ ተዘግቶ የሚቆይበት ሰዓት ይግቡበት። ሁለተኛው ዙር ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ እንዲደረግ ይጻፉ፤ የክፍያውን ግማሽ እስከዚያ ይያዙ። ከርጭቱ በፊት ስፌቱና ስንጥቁ በቫኪዩም ይጠረግ፣ በእንፋሎት ይመታ። ከሁለተኛው ዙር በኋላ ስንጥቁን በስቱኮ ይድፈኑ፤ በአልጋ እግሮች ሥር የውስጥ ግድግዳው ልሙጥ የሆነ ሳህን ያስቀምጡና ትኋን ወድቆበት እንደሆነ ለሁለት ወር በየሳምንቱ ይዩት። ደረሰኝ በስምዎና በግብር ከፋይ መለያ ቁጥርዎ ይሁን፤ ለፍርድ ቤት የሚቀርበው እሱ ነው።

የተነከሰ እንግዳ ሲመጣ «አንተ ያመጣኸው» አይበሉት። ገንዘቡን ይመልሱ፣ ቅሬታውን ከነቀኑ ይጻፉ፣ ሻንጣውን ወደ ሌላ ክፍል ከማስገባቱ በፊት አብራችሁ እዩት።

ከአከራዩ ጋር ከተስማማችሁ በውሉ ላይ ተጨማሪ ስምምነት ይፈርሙ፦ «ከርክክብ ጀምሮ ባሉት 60 ቀናት በሕንፃው ወይም በተረከበው የቤት ዕቃ ላይ ትኋን ቢገኝ የማስወገጃው ወጪ የአከራይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የሚገኘው፣ ቀድሞ የነበረ መሆኑ ካልተረጋገጠ በስተቀር፣ የተከራይ ነው።» ውሉ ሲታደስም ይህን ቃል ከነቁጥሩ ያስገቡት።